ለዓመታት የቆመ ቮልስ ሳይጎዳ እንዴት ይነሳል?

የድሮ ጋራዥ ተከፍቶ፣ የተከመረው ዕቃ ተነስቶ፣ ከሸራ ሥር ቮልስዋገን ብቅ ሲል ከቤተሰቡ አንዱ «ባትሪ አምጡና እንሞክረው» ማለቱ አይቀርም። አትሞክሩት። ሲቆም ጤነኛ የነበረ ሞተር አሁንም ጤነኛ የመሆን ዕድል አለው። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ያ የመጀመሪያው የችኮላ ቁልፍ ነው፤ ሲሊንደሩ ደርቋል፣ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የያዘው የብረት ቀለበት) በዝገት ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ በሞተሪኖ (ሞተሩን በባትሪ በሚያስነሳው ዕቃ) ጉልበት ሲገፋ ይሰበራል። የሚከተለው ሥራ ጥቂት ቅዳሜና እሁዶች ይፈልጋል።

መኪናውን ሳይነኩ ፎቶ ያንሱ፤ ውስጡን፣ ሥሩን፣ የሞተር ክፍሉን። አይጠቡት። እ.ኤ.አ. በ2014 ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ ሮጀር ባዮን የተባለ የትራንስፖርት ነጋዴ የሰበሰባቸው 60 ያህል መኪኖች ተረስተው ከቆዩበት ተገኝተው ነበር። ከነሱ አንዱ፣ በመጽሔት ክምር የተቀበረ ፌራሪ፣ በ2015 ፓሪስ ላይ ከነአቧራው ተጫርቶ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣ። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ቮልስ እንዲህ አያወጣም። ሆኖም አቧራው ላይ የዘይትና የነዳጅ ፍሳሽ ዱካ ይታያል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ፍሳሹ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይከብዳል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሊብሬውን ያግኙ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በወለሉ መሃል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ዲናሞው በተቀመጠበት መቆሚያ ላይ ነው። ሁለቱን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። ባለቤቱ ካረፉና ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ የሁሉም ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚነሳ ጠብ ከሞተር ጥገና ይከብዳል።

የኋላ ወንበሩን አንስተው ሳለ ባትሪው የነበረበትን ወለል በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን ጫን ያድርጉት። አሲድ ላሜራውን በልቶት ከሆነ ይበሳል። በበሮቹ ሥር የሚሄዱትን የሙቀት አየር ቱቦዎችም እንዲሁ ይፈትሹ። እነሱ ከዛጉ ሥራው የባቱላሜራ ነው፣ ዋጋውም ከሞተሩ ይበልጣል። እዚህ ላይ መወሰን ይሻላል።

አሁን ወደ ሞተሩ። አራቱን ካንዴላዎች (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ይፍቱ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ማንኪያ ቀጭን ዘይት አፍስሱና ሁለት ቀን ይተዉት። ከዚያ ማርሹን ነፃ አድርገው የዲናሞውን ፑሌጃ (ቺንጋው ማለትም ቀበቶው የሚዞርበትን መዘውር) ዳዶ በ21 ቁልፍ ወደ ሰዓት አቅጣጫ በእጅ ያዙሩ። ቺንጋው ከተንሸራተተ ታች ያለውን ትልቁን ፑሌጃ በ30 ቁልፍ ይያዙ። ካንዴላ ስለሌለበት በቀላሉ መዞር አለበት። እምቢ ካለ ዘይት ጨምረው እንደገና ይጠብቁ፤ ቁልፉ ላይ ቱቦ አስረዝመው አይታገሉ። ከዞረ ደግሞ የቫልቭ ክዳኖቹን ከፍተው ስምንቱም ቫልቮች ሲገቡና ሲወጡ በዓይንዎ ይዩ። አንዱ ተጣብቆ ከቀረ ሞተሩ ሲነሳ ቫልቩን የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል።

የድሮውን ዘይት ያፍስሱ። ቮልስ የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ከሥሩ በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች የታሰረ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። አውጥተው ይጠቡት፣ ከዝቃጩ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ ካለ ሞተሩ መከፈት አለበት። ንጹህ ከሆነ 2.5 ሊትር አዲስ ዘይት ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚዘለው የማራገቢያውን ቤት ነው። ሞተሩ በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሚቀዘቅዝ፣ በቆመባቸው ዓመታት አይጥ እዚያ ጎጆ ሠርታ ከሆነ ሲሊንደሮቹ ይቃጠላሉ፤ ዳሽቦርዱም ላይ የሚያስጠነቅቅ የሙቀት ጌጅ የለም። በባትሪ መብራት ይመልከቱ፣ ጭድና ጨርቅ ካዩ የማራገቢያውን ቤት አውልቀው ያጽዱ።

ነዳጁ ላይ ፈጽሞ አይቆጥቡ። ከፊት ኮፈን ሥር ባለው ታንክ የቀረው ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ለመጀመሪያው ሙከራ ታንኩን ትተው ከትንሽ ጀሪካን በአዲስ ጎማ ይመግቡት። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ጎማ፣ ደህና ቢመስልም፣ ይቀይሩ። ብዙ ቮልስ ያቃጠለ ደርቆ የተሰነጠቀ ጎማ ነው፤ የሞተሩ ቋት በአብዛኛው የማግኒዥየም ቅይጥ በመሆኑም አንዴ ከተያያዘ ውሃ እሳቱን ያባብሰዋል። የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ሳይኖር ቁልፍ አይዙር።

ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት የአምፖሎቹን ጽሑፍ ያንብቡ። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 የተሠሩት 6 ቮልት ናቸው፤ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ 12 ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም። የባትሪውን ጫፍ ይሸፍኑ፤ የወንበሩ ስፕሪንግ ከነካው ወንበሩ ውስጥ የተሞላው ገለባ ይቀጣጠላል።

ካንዴላዎቹ ገና እንደወጡ፣ በሞተሪኖ በአጭር በአጭሩ ያዙሩ፣ በየመሃሉ እያሳረፉ፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ። መብራቱ ጠፋ ማለት ዘይት ተሰራጨ ማለት ነው። የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ያስተካክሉ፣ በአብዛኞቹ 0.15 ሚሊሜትር፤ የፑንቲናውን (የካንዴላውን ብልጭታ ጊዜ የሚወስነውን መገናኛ) ክፍተት ደግሞ 0.4 ያድርጉት። ካንዴላዎቹን መልሱ። አሁን ቁልፉን ያዙሩ። መጀመሪያ ላይ ያፈሰሱት ዘይት ስለሚቃጠል ጭሱ ሰፈር ይሸፍናል፤ አትደንግጡ። የዘይት መብራቱ ወዲያው ካልጠፋ ግን ያጥፉት።

ሞተሩ ተነሳ ማለት መኪናው ይነዳል ማለት አይደለም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ቱቦዎቹን ከውስጥ ያዝጋል። የጎማ ቱቦዎቹ ደግሞ ወደ ውስጥ ያብጡና ፔዳሉን ከለቀቁ በኋላም ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ድረስ የተሠራው ቮልስ ፍሬኑ አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም እግር ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ቱቦዎቹን፣ የፍሬን ሲሊንደሮቹንና ዘይቱን በሙሉ ይቀይሩ። ጎማውም ላይ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ከሆነ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2315 ማለት በ2015፣ በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካዩ ጎማው ካለፈው ክፍለ ዘመን የመጣ ነውና፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ ጎሚስታ ዘንድ ይሂድ። ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ በሰው እርምጃ ፍጥነት ፍሬኑን ደጋግመው ይሞክሩ፣ የየጎማውን ቸርኬ በእጅ እየነኩ የትኛው እንደሚሞቅ ይለዩ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ትኩስ ከሆነ እዚያ ያለው ፍሬን አልለቀቀም።