ከአስማት ውጊያ በኋላ የተመልካችን ስሜት እንዴት መመዝገብ ይቻላል?

በምናባዊ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ትልቁ የአስማት ውጊያ ሲያልቅ ሳሎን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ይጀምራል፤ በዚያ ሰዓት የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሜት ሳይሆን ፍርድ ነው። «ጉድ ነው!» ወይም «አበላሹት!» የሚል ቃል ተናጋሪው በየትኛው ቅጽበት ምን እንደተሰማው አይነግረንም። ጅማ ውስጥ ከወዳጆቼ ጋር ሆነን ስናይ አስተያየት የመመዝገቡ ሥራ በእኔ ላይ ስለወደቀ፣ ለዚሁ ሥራ ለሚነሣ ሌላ ሰው የሠራልኝን አካሄድ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቤቱ ነው። የጅማ ክረምት ቆርቆሮ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር በሹክሹክታ የሚነገር ድግምት ፈጽሞ አይሰማም። አንድ ጊዜ ይህን ችላ ብዬ፣ ጠንቋዩ ያለ አንዳች ዝግጅት አሸነፈ ብለው የተቆጡ ሦስት ሰዎችን ቃል በጥንቃቄ ጻፍኩ፤ ለካስ ዝግጅቱ ዝናቡ በዋጠው ንግግር ውስጥ ነበር። ስለዚህ የትርጉም ጽሑፍ ይከፈት፣ መጋረጃ ይጋረድ፣ የስክሪኑም ብርሃን አስቀድሞ ይስተካከል። ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ሕያዋን ከሙታን ሠራዊት ጋር የሚዋጉበት የጌም ኦፍ ትሮንስ ተከታታይ ፊልም ስምንተኛ ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ያስረዳል። 82 ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ክፍል በአሜሪካ የተላለፈው ሚያዝያ 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ የትንሣኤ በዓል ዕለት መሆኑ ነው። ከተመልካቹ በብዛት ከተሰሙት ቅሬታዎች አንዱ «ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም» የሚል ሲሆን፣ የካሜራ ባለሙያው ፋቢያን ዋግነር በበኩሉ ጨለማው ታስቦበት የተደረገ መሆኑንና ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን በአግባቡ እንደማያስተካክል ተናግሯል። እኔ በዚህ ክርክር ለተመልካቹ አደላለሁ፤ ይሁን እንጂ መዝጋቢ የሆነ ሰው የፊልሙን ጨለማ ከራሱ ቴሌቪዥን ጨለማ ሳይለይ ቅሬታውን መጻፍ የለበትም።

ፊልሙ በሚታይበት ጊዜ ዓይንን ከስክሪኑ ይልቅ በተመልካቹ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ለዚህም መዝጋቢው ክፍሉን አስቀድሞ ለብቻው አይቶት ቢሆን ይመረጣል። ደቂቃውን በኅዳግ ይጻፉ፤ ከጎኑም የታየውን ብቻ ያስፍሩ፤ ማን ትንፋሹን ዋጠ፣ ማን ስልኩን አነሣ፣ የማን እጅ ከፈንዲሻው ሳህን ላይ ቀረ።

ከላይ በጠቀስኩት ክፍል መጀመሪያ ላይ ቀይ ለባሿ አስማተኛ ሜሊሳንድሬ ጸሎቷን ስታደርስ የዶትራኪ ፈረሰኞች ጎራዴዎች በሙሉ በእሳት ይያያዛሉ። በእኛ ሳሎን እዚህ ላይ ጭብጨባ ነበር። ከዚያ ፈረሰኞቹ ወደ ጨለማው ይጋልባሉ፤ እሳቶቹም ከሩቅ እንደሚታዩ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ጠላት አይታይም፤ ያየነው ብርሃን ሲጠፋ ብቻ ነው። ጭብጨባው ወደ ዝምታ ተለወጠ፤ ከዝምታው መካከል ቡና ስታፈላ የነበረችው እናት ጀበናዋን እንደያዘች «መብራት ሲሄድ ከጅሬን ላይ ከተማው ልክ እንዲህ ነው» አለች። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ ላይ ቆሞ ጅማ ሰፈር በሰፈር ሲጨልም ያየ ሰው ቃሏን ወዲያው ይረዳዋል። በዚያ ምሽት ከሰበሰብኩት ሁሉ የሚበልጠው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለው ቃል እንደተነገረ ካልተጻፈ ደግሞ በነጋታው ተስተካክሎና ተውቦ ዋጋውን አጥቶ ይገኛል።

ክፍሉ እንዳለቀ ክርክር ከመከፈቱ በፊት ለእያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት ይታደል። አቦሉ እስኪቀዳ ያለው ጊዜ ይበቃል። ጥያቄው «ወደድከው ወይ?» ሳይሆን «ደጋግሞ የሚመጣብህ የትኛው ቅጽበት ነው?» ይሁን። ወረቀት ያልቀደመው ጨዋታ በአንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ይመራና የሌላው ስሜት የእርሱን መልክ ይይዛል። ታላላቆች ባሉበት ቤት ታናናሾቹ ተቃውሟቸውን በአክብሮት ስለሚውጡት፣ በጽሑፍ መጠየቁ ለእነርሱም መውጫ ይሆናል።

ከባዱ ሥራ ምክንያቱን መለየት ነው። «አጭበረበሩን» የሚል ተመልካች ሲያጋጥም፣ የአስማቱ ሕግ ከውጊያው በፊት ተነግሮ ነበር ወይ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የሙታኑ ሠራዊት መሪ የሌሊቱ ንጉሥ በወጣቷ ተዋጊ በአርያ እጅ ሲወድቅ ጩቤዋን ከአንዱ እጇ ለቅቃ በሌላው የቀለበችበትን ብልሃት «ከየት መጣ?» ያሉ ነበሩ፤ ይሁንና ያንኑ እንቅስቃሴ በሰባተኛው ሲዝን ከሴት ተዋጊዋ ከብሪየን ጋር ስትለማመድ አሳይታለች። ያን ያስታወሰና ያላስታወሰ ተመልካች የተለያየ ፊልም እንዳየ ያህል ነው። ማስረጃውን ካዩ በኋላም «አልጠገብኩም» የሚሉ ይኖራሉ፤ የእነርሱ ቅሬታ ብልሃቱን ሳይሆን ብዙ ሲዝን የተጠበቀ ጠላት በአንድ ሌሊት ማለቁን የሚመለከት ስለሆነ በሌላ ረድፍ ይጻፍ።

በመጨረሻ ሲጠናቀር የተናጋሪውን ቃል ሳይነኩ፣ ደቂቃውን፣ ያየበትን ሁኔታና ቀደም ያሉትን ክፍሎች ማየት አለማየቱን ከጎኑ ማኖር ያስፈልጋል። ስሙ አያስፈልግም። የዝናቡ ምሽት ወረቀቶቼ ዛሬም አሉኝ፤ ከሦስቱ ቁጡ አስተያየቶች ራስጌ «ድምፅ አልተሰማም» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌባቸዋለሁ።