«ዶግ» ሁሌ ውሻ አይደለም፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የትርጉም ጽሑፍ ሳርም የሚያማርረኝ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል አይደለም፤ «ዶግ» ነው። ሁሉም የሚያውቀው ስለሚመስለው መዝገበ ቃላት የሚገልጥለት የለም።

«ላኪ ዶግ» (lucky dog) የሚለውን ውሰዱ። ፊልሙ ላይ አንዱ ሎተሪ ይደርሰዋል፣ ጓደኛው ዘሎ ያቅፈዋል፣ ከሥር የተጻፈው ደግሞ «አንተ እድለኛ ውሻ!» ይላል። በስመ አብ! እኛ ጋ ሰውን ውሻ ብሎ መጥራት ያጣላል እንጂ አያስተቃቅፍም። «አንተ የታደልክ!» በሉትና እለፉ።

«አንደርዶግ»ም «የበታች ውሻ» አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከውሻ ድብድብ የመጣ ቃል ነው፤ ከሥር የወደቀው፣ የሚሸነፈው ማለት ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ዝቅተኛ ግምት የተሰጠው» ይሉታል። እነሱን ስሙ።

«ጎድ» (እግዚአብሔር) በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጥ «ዶግ» ይሆናል እያላችሁ ምስጢር የምትፈልጉ ልጆች፣ ተዉት።

ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። እንግሊዞች ዶፍ ሲወርድ «ድመትና ውሻ ዘነበ» ይላሉ። ታዲያ አንድ ሰው ሁሌ ተነስቶ ያስረዳል፦ ድሮ ድመቶችና ውሾች ሳር ክዳን ላይ ይተኙ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ክዳኑ እያዳለጣቸው ይወድቁ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 በኢሜይል የተሰራጨ ፈጠራ ነው። ፈረንጅ ቢያምነው አይገርመኝም፤ ሳር ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ግን እንዴት ያምናል? ውሻ ጣሪያ ላይ ምን ሊሠራ ይወጣል? ደመናው ገና ሲጠቁር እኮ ከሁላችን ቀድሞ ምድጃው ሥር ነው! አባባሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተቀራራቢ መልክ ነበረው፤ ደራሲው ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1738 አሁን በምናውቀው መልኩ ጽፎታል። ምንጩ ግን አልታወቀም። ደግሞም ያረጀ አባባል ስለሆነ ድርሰታችሁ ላይ አትደርድሩት።

የመጨረሻው፣ «ዶግ ሥሩ ከእኛ ቋንቋ ነው» የምትሉትን ይመለከታል። የጥንት እንግሊዝኛ ዋናው ቃል «ሁንድ» ነበር፤ ዛሬ «ሃውንድ» ሆኖ በአብዛኛው ለአዳኝ ውሻ ቀርቷል። «ዶግ» የመጣው «ዶጋ» ከሚባል እምብዛም ከማይጻፍ ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥሩን ያገኘ ምሁር የለም። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዝምድና አይቆጠርም። ሰሜን ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ምባባራም የሚባል የነባር ሕዝብ ቋንቋ ነበር። በዚያም ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ነበር። ከእንግሊዝኛ አልተዋሱትም፣ እንግሊዝኛም ከእነሱ አልወሰደም። እንዲሁ ገጠመ።