አይበራም የተባለ አሮጌ አምፖል፦ ችግርና መፍትሄ

ፊውዝ ማየትና ስፒና መሰካቱን ማረጋገጥ የሁሉም ሰው እውቀት ነው፤ እዚህ አንደግመውም።

ክሩ ሙሉ ነው፣ አምፖሉ ግን አይበራም

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ክሩ አልተበጠሰም፣ ብርጭቆው ንጹሕ ነው፣ ባለቤቱ ግን «ተቃጥሏል» ብሎ ሊጥለው ተነስቷል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ብርጭቆው ውስጥ ሳይሆን የናሱ ቆብ ውስጥ ነው።

ቆቡን ከብርጭቆው ጋር የያዘው ማጣበቂያ ለዓመታት ሙቀት ሲፈራረቅበት ደርቆ ይፈረካከሳል። ከዚያ አንድ ሰው ብርጭቆውን ጨብጦ አምፖሉን ለመፍታት ያዞራል። ብርጭቆው ይዞራል፣ ቆቡ ግን ፖርታ ላምፓዳው (አምፖሉ የሚገባበት መያዣ) ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። በቆቡ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ወደ መሐል ነጥቡ፣ ሌላው ወደ ጎን ጠርዙ ይሄዳል። ግማሽ ዙር ሲዞር ይጠማዘዛሉ፣ ሲጨመርበት ወይ አንዱ ይበጠሳል ወይ ሁለቱ ይነካካሉ። ከተነካኩ ቀጥሎ ማብሪያውን የሚጫን ሰው የሚያገኘው ሾርት ነው።

ቆቡን በአንድ እጅ፣ ብርጭቆውን በሌላው ይዘው በጣም በቀስታ ያነቃንቁ፤ አያዙሩ። እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከተሰማ ማጣበቂያው አልቋል። ከዚያ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም፣ ማለትም የመቋቋም መለኪያው፣ ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ መሐል ነጥቡ ላይ፣ ሌላውን የቆቡ ጎን ጥምዝ ላይ ያድርጉ።

ቁጥሩን ማንበብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የ220 ቮልት፣ 40 ዋት የተንግስተን (የብረት ክር) አምፖል ሲበራ 1210 ኦም ገደማ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲለካ ግን ከ80 እስከ 100 ኦም አካባቢ ይሰጣል፤ ይህን አይቶ «ሾርት ነው» ብሎ ጤነኛ አምፖል የጣለ ብዙ ነው። የካርቦን ክር ተቃራኒ ነው። የ110 ቮልት፣ 50 ዋቱ ሲበራ 242 ኦም ሆኖ፣ ቀዝቅዞ ሲለካ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሻጩ «ካርቦን ነው» ያለውን ቴስተሩ ያረጋግጣል ወይም ያጋልጣል።

ዜሮ አካባቢ ካነበበ ሽቦዎቹ ተነካክተዋልና ፈጽሞ አይሰኩት። ምንም ካላነበበ መሐል ነጥቡን ጫን እያሉ ይለኩ። ቁጥሩ ብልጭ ካለ ሽቦው ከብየዳው ተላቋል ማለት ነው። ነጥቡን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠርገው፣ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀብተው፣ ካውያውን ከ2 እስከ 3 ሰከንድ አስነክተው ትንሽ ሊድ (የብየዳ ብረት) ይጨምሩ። ሊዱን እንደ ኮረብታ አይከምሩት፤ የፖርታ ላምፓዳውን ምላስ (የአምፖሉን መሐል ነጥብ የሚነካውን ብረት) ጨፍልቆ ሌላ ችግር ይወልዳል።

ሽቦዎቹ ደህና ሆነው ቆቡ ብቻ ከላላ፣ ብርጭቆውን ወደ ቀድሞ ቦታው ይመልሱት። በአልኮል የሟሟ ቀጭን ሼላክ (የተፈጥሮ ሙጫ) በመርፌ ጫፍ ወደ ስንጥቁ ያንጠባጥቡ፤ አምፖሉ 24 ሰዓት ይቁም። ሁለት ሦስት ዙር ይፈልጋል። ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ትነቱ ብርጭቆውን ነጭ ያለብሰዋል፣ ሲሞቅም ይለቃል። ኢፖክሲ ደግሞ ይይዛል፣ ግን ከዚያ በኋላ ቆቡን የሚከፍት ሰው የለም። ብዙ ለሚሞቅ አምፖል ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ይሻላል፤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ግን ናስ ይበላል፣ አይጠቀሙበት።

አምፖል ሲፈታ ብርጭቆውን ሳይሆን ቆቡን መያዝ ነው። እምቢ ካለ ፖርታ ላምፓዳውን ጨምረው ያውጡት። አናቱ ላይ ሹል ጫፍ ያለው አምፖል ከሆነ፣ ከ1920ዎቹ በፊት የተሠሩት በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው፣ ጫፏን አይንኩ። ተሰበረች ማለት አየር ገባ ማለት ነው።

ይበራል፣ ይጠፋል

አምፖሉን አጥብቆ ማሰር የፖርታ ላምፓዳውን ምላስ ይጨፈልቃል። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ስፒናውን ይንቀሉ። ምላሱን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቀና ያድርጉት፣ የጠቆረውን ይጥረጉ። ስፕሪንግነቱ ከሞተ ይቀይሩት። አዲስ የሚሸጡት ስስ የብረት ምላሶች ከላይ ናስ መስለው ውስጣቸው ቆርቆሮ ነው፤ ሲሞቁ ይረግባሉ። ፖርሴሊን ውስጥ የተቀመጠ እውነተኛ ናስ ይፈልጉ።

ብርሃኑ ከልክ በላይ ነጭ ነው

የ110 ቮልት አምፖል 220 ላይ ተሰክቷል፤ ወዲያው ይንቀሉ። ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) በግማሽ አድርጎ ማብራት መፍትሄ አይደለም፤ የቮልቴጁ ጫፍ ሳይቀንስ ይመጣል፣ ደግሞም አንድ ሰው እጀታውን ቢያዞረው አለቀ። የሚያዋጣው ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ነው። የተንግስተን አምፖልን ከተጻፈው ቮልት 5 በመቶ ዝቅ አድርጎ ማብራት ዕድሜውን እጥፍ ገደማ ያደርገዋል።

ውስጡ ሐምራዊ ብርሃን ካሳየ ወይም ነጭ ጭስ ካወጣ አየር ገብቷል። መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት።

በሙቀት የሚሽከረከረው መብራት ቆሟል

መጀመሪያ አምፖሉን ይዩ፤ ኤልኢዲ ነው? ሲሊንደሩን የሚያዞረው ከአምፖሉ የሚነሳው ሞቃት አየር ነው፣ ኤልኢዲ ያን ያህል አይሞቅም። መለያው ላይ የተጻፈውን ዋት የያዘ ባለ ክር አምፖል ይግጠሙ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፕላስቲኩ ይቃጠላል። አሁንም ካልዞረ የሚቆምበትን መርፌ ያጽዱ፣ ዘይት ግን አይቀቡ፣ አቧራ ይሰበስባል።

ላቫ ላምፕ

ሲሞቅ ሰም የሚንሳፈፍበት የጠርሙስ መብራት ነው። ሰሙ ታች ከቀረ 2 ወይም 3 ሰዓት ይጠብቁ፣ ዋቱን ይዩ። ትናንሽ ኳሶች አናት ላይ ከተሰበሰቡ ከልክ በላይ ሞቋል፤ አጥፍተው ያቀዝቅዙት። ሞቆ ሳለ የተነቀነቀ ጠርሙስ ይደፈርሳል፣ ላይጠራም ይችላል።

ሽቦው

የአሮጌ መብራት ጎማ ሲታጠፍ ከተፈረፈረ በቴፕ አይጠቅልሉት፣ ሙሉውን ይቀይሩ። ፌዙ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) ወደ መሐል ምላሱ፣ ኒውትራሉ (መመለሻው) ወደ ጥምዙ ይግባ፤ ከተገላበጠ አምፖል ሲቀይሩ ጣትዎ የሚነካው ጥምዝ ኤሌክትሪክ ይኖረዋል። የተጠገነ መብራት መጀመሪያ ሲሞከር በመስመሩ ላይ የ60 ዋት ባለ ክር አምፖል በተከታታይ ይግባ። እሱ በሙሉ ኃይሉ ከበራ መብራቱ ውስጥ ሾርት አለ።