እየበራ በራሱ የሚጠፋ መብራት፦ ችግርና መፍትሄ

የቆመ መብራት፣ የኮርኒስ ስፖት ላይት ወይም የጫጩት ማሞቂያ በራሱ እየጠፋ ሲያስቸግር ብዙ ጠጋኞች የሚያቀርቡት መፍትሄ አንድ ነው፦ «ዳይሬክት ላድርገው?» ሁለት ሽቦ ይገናኛል፣ መብራቱም ከዚያ በኋላ አይጠፋም። ከመሃል የወጣችው ግን ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ መብራቱ ከልክ በላይ ሲግል ኤሌክትሪኩን የምትቆርጥ ዕቃ ናት። እባክዎ እሺ አይበሏቸው። መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው የሆነ ቦታ ሙቀት ስለበዛ ነው። ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ከታወቀ ጥገናው ብዙውን ጊዜ አምፖል ከመቀየር የዘለለ ወጪ የለውም።

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ስፒናውን ይንቀሉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የኮርኒስ መብራት ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፣ ብሬከሩን ያውርዱ። ማብሪያው በስህተት ኒውትራሉ (ኃይል መላሹ ሽቦ) ላይ ተገጥሞ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ሽቦው ሊይዝዎት ይችላል።

ምልክት፦ በርቶ ቆይቶ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይበራል

መጀመሪያ የሰዓት መቁጠሪያ ያለው መብራት አለመሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ የራስጌና የማሞቂያ መብራቶች ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ሲሞላቸው እንዲጠፉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። መለየት ቀላል ነው። በሰዓት የሚጠፋው ጠዋትም ማታም እኩል ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል፣ ቁልፉን እንደተጫኑትም ወዲያው ይበራል። በሙቀት የሚጠፋው ግን ክፍሉ ሲሞቅ ቶሎ፣ ሲቀዘቅዝ ዘግይቶ ይጠፋል። ከጠፋም በኋላ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቁልፉን ቢጫኑት አይሰማም።

በሙቀት ከሆነ ሥራውን የሠራው ቢሜታል የሚባለው መቆራረጫ ነው። ውስጡ በሙቀት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው አሉ። ሲግሉ ቅጠሉ ይጎብጥና መገናኛው ይከፈታል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ይህ መቆራረጫ ለድንገተኛ ጊዜ እንጂ በየሃያ ደቂቃው እንዲሠራ የታሰበ አይደለም። በከፈተና በዘጋ ቁጥር መገናኛው ላይ ትንሽ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ብልጭታውም ብረቱን እየበላው ይሄዳል። «ጠፍቶም ይመለሳል፣ ምን ቸገረኝ» ተብሎ ወራት የተተወ መብራት አንድ ቀን መገናኛው ተበይዶ ይቀርና ጭራሽ መጥፋት ያቆማል። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ምልክቱን ያየ ሰው በዚያው ሳምንት መንስኤውን ይፈልግ።

አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው አምፖሉ ነው። ከአምፖሉ መያዣ ጎን ወይም ከጥላው ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ ከፍተኛው ዋት እዚያ አለ። 40 የሚል ላይ የ100 ዋት አምፖል ቢገባ መቆራረጡ አይገርምም። ረጅሙን ባለ ሁለት ጫፍ ሃሎጅን የሚቀበሉ የቆሙ መብራቶች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። 118 ሚሊሜትር የሚረዝመው አምፖል በ150፣ በ300ም በ500 ዋትም ይሸጣል፣ ርዝመቱና ጫፉ አንድ ነው። ለ300 ዋት በተሠራው መብራት ውስጥ የ500ው ልክክ ብሎ ይገባል። ሻጩ የሚጠይቅዎት ርዝመቱን ነው፣ እርስዎ ግን ዋቱንም ይንገሩት።

የሃሎጅን ነገር ቀላል አይደለም። የ300 ዋቱ አምፖል መስታወት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ መጋረጃ ከነካው ለመቀጣጠል ጊዜ አይወስድበትም። እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ የጃዝ ሙዚቀኛው ላዮነል ሃምፕተን የኒው ዮርክ መኖሪያው የተቃጠለው እንዲህ ዓይነት የቆመ መብራት ወድቆ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ሰው ቤት ገብተው ለነበሩ 40 ሚሊዮን ገደማ የቆሙ የሃሎጅን መብራቶች የሽቦ መከለያ በነፃ እንዲሰጥ አስደረገ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተራውን የሃሎጅን አምፖል አዲስ ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሏል። እዚህ እኛ ጋ ግን የድሮዎቹ መብራቶች በየሳሎኑ ጥግ አሁንም ቆመዋል። በተመሳሳይ መያዣ የሚገባ ኤልኢዲ ካገኙ ሃሎጅኑን አውጥተው እሱን ይተኩበት፤ ከዚህ የተሻለ ጥገና የለም። መብራቱ ማደብዘዣ ካለው ኤልኢዲው በማደብዘዣ የሚሠራ ዓይነት መሆኑን ካርቶኑ ላይ ያረጋግጡ።

አምፖሉ ትክክል ሆኖም ከጠፋ አቧራውን ይመልከቱ። ጥላው ላይ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በአቧራና በሞተ ዝንብ ሲደፈኑ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ጥላው ላይ ለጌጥ ነጠላ ወይም ዳንቴል ከተጣለበት ያንሱት።

ከውጭ የመጣ መብራት ከሆነ ቮልቴጁን ያንብቡ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው መብራት የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220 ነው። የ120 ቮልት አምፖል እዚህ ሲሰካ ከሁለት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ ብዙውን ጊዜ ብልጭ ብሎ ይቃጠላል። መብራቱ ጥላውና ዘንጉ ካሳሳዎት አምፖሉን፣ መያዣውንና ገመዱን በ220 ማስቀየር ይቻላል። ማደብዘዣ ወይም ትራንስፎርመር በውስጡ ያለው ከሆነ ግን አይድከሙበት። ከዱባይ የሚመጣው በቮልቴጅ አያስቸግርም። የእሱ ችግር ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና ነው፤ ልል በሆነ አዳፕተር ሲሰካ አዳፕተሩ ራሱ ይግላል። ስፒናውን ቆርጦ የእኛን ማስገጠም ይሻላል።

የኮርኒስ ስፖት ላይት በተለይ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። ትንንሾቹ የ50 ዋት ሃሎጅን ስፖቶች ብርሃኑን ወደ ታች ይልካሉ፣ ሙቀቱን ግን በመስታወቱ አሳልፈው አብዛኛውን ወደ ኋላ፣ ጂፕሰሙ ውስጥ ይለቁታል። ከጂፕሰሙ በላይ ቆርቆሮ ካለ፣ ቆርቆሮውም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ከዋለ፣ እዚያ ያለው አየር መብራቱ ሳይበራም የጋለ ነው። ለዚህ መፍትሄው በ5 ወይም በ7 ዋት ኤልኢዲ መተካት ነው። ሥራውን የሚሠራልዎት ሰው ከስፖቱ ጀርባ የተረፈ ስፖንጅ፣ ካርቶን ወይም ላስቲክ ካለ አብሮ ያውጣው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ጣሪያው ውስጥ የሙቀት መከላከያ ጥጥ ከተነፋ በኋላ መብራቱ መጥፋትና መብራት ከጀመረ፣ ጥጡ መብራቱን ሸፍኖታል ማለት ነው። መብራቱ ላይ አይሲ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ከሌሉ በጥጥ እንዲሸፈን አልተፈቀደም፤ ጥጡን ዙሪያውን ማራቅ ወይም መብራቱን አይሲ በተባለው ዓይነት መቀየር ያስፈልጋል።

ምልክት፦ አንዴ ጠፋ፣ ቀዝቅዞም አልበራም

አምፖሉን በሌላ ይሞክሩት። አሁንም ካልበራ የሙቀት ፊውዙ ተቃጥሏል ብለው ይጠርጥሩ። ይህ ከቢሜታሉ የተለየ ነው፤ አንዴ ከቆረጠ አይመለስም። መልኩ እንደ ትንሽ የብረት ጥይት ሲሆን በሁለቱም ጫፍ ሽቦ አለው። አካሉ ላይ የሚቆርጥበት የሙቀት ልክ፣ ለምሳሌ 121 ወይም 152 ዲግሪ፣ ከአምፔሩና ከቮልቱ ጋር ታትሟል። በመልቲሜትር ሁለቱን ጫፍ ሲነኩት ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ዝም ካለ ሞቷል።

መቀየር ይቻላል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው፣ ግን የተቃጠለበት ምክንያት ሳይታወቅ አይቀየር። አዲሱ በዲግሪም በአምፔርም ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። «ቶሎ እንዳይቃጠል» ተብሎ ከፍ ያለ ዲግሪ ማስገባት ዳይሬክት ከማድረግ ብዙም አይሻልም። ቦታውም አይቀየር፤ ድሮ ብረቱን ነክቶ ከተቀመጠ አሁንም ብረቱን ይንካ። ጠጋኙ በካውያ ሲበይደው ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ልንገርዎት፦ የካውያው ሙቀት በሽቦው ሄዶ ፊውዙን ገና ሳይገጠም ያቃጥለዋል። ከዚያ «አዲሱም አይሠራም» ይባልና ወደ ዳይሬክት ይኬዳል። መፍትሄው ሽቦውን በፕሬስ (ተጨምድዶ በሚይዝ የብረት ማያያዣ) ወይም ሙቀት በሚችል የሸክላ ሞርሴቶ (በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ) ማያያዝ ነው። መበየድ ግድ ከሆነ በካውያውና በፊውዙ መካከል ሽቦውን በፒንሳ ጨምድዶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱን ፒንሳው ይወስደዋል። በናስትሮ መጠቅለል ፈጽሞ አይሆንም፤ ሙቀቱ ያቀልጠዋል።

ምልክት፦ ሲነኩት ወይም ሲያንቀሳቅሱት ይጠፋል

ከሥሩ መብራቱ ሲወድቅ የሚያጠፋ ቁልፍ ሊኖረው ይችላል። መብራቱ ወለል ላይ ሲቆም ቁልፉ ይጫናል፣ ሲዘም ይለቀቃል። ወፍራም ምንጣፍ ላይ ሲቆም ቁልፉ በደንብ አይጫንም፣ ስለዚህ ሰው ባለፈ ቁጥር ይጠፋል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ጣውላ ያድርጉለት ወይም ወደ ሊሾው ያዛውሩት። ቁልፉን በፕላስተር ጨቁኖ ማሰር የማይታሰብ ነው፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

ምልክት፦ ኤልኢዲው ይበራል ይጠፋል፣ ይበራል ይጠፋል

እዚህ መቆራረጫው ኤልኢዲውን የሚመግበው ዕቃ ውስጥ ነው። ዙሪያውን የተዘጋ ሉል ውስጥ ከሆነ አምፖሉ ታፍኗል፤ ለተዘጋ ቦታ ተብሎ የተሠራ ይግዙ ወይም ዋቱን ይቀንሱ። ክፍት ሆኖም ከቀጠለ አምፖሉ አርጅቷል፣ ይቀየር።

ምልክት፦ የጫጩት ማሞቂያው ሌሊት ይጠፋል

ይህን ጉዳይ ቶሎ ማለፍ አልፈልግም፤ ማሞቂያው ሲጠፋ ጫጩት በብርድ ያልቃል፣ ስለዚህ አርቢው መቆራረጫውን የሚያስወጣበት ምክንያት ይገባኛል። ግን ከታች ያለው ሰጋቱራ ወይም ገለባ ነው። የ250 ዋቱ ቀይ ኢንፍራሬድ አምፖል ሰጋቱራ ላይ ቢወድቅ ቤቱም ጫጩቶቹም አይተርፉም።

መንስኤው በአብዛኛው ሁለት ነው፦ ክዳኑ ውስጥ የተጋገረ የላባና የመኖ ብናኝ፣ ወይም ሙቀት ለመጨመር ተብሎ መብራቱ በጣም ወርዶ ሙቀቱ ተመልሶ ክዳኑን መምታቱ። ክዳኑን በየሳምንቱ ሲበርድ ይጥረጉት። መብራቱ ከሰጋቱራው ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። በራሱ ገመድ ሳይሆን በሰንሰለት ይሰቀል፣ የመጀመሪያው ቢለቅ የሚይዝ ሁለተኛ ሰንሰለትም ከሌላ ሚስማር ይምጣለት። የአምፖሉ መያዣ ሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። የውሃ መጠጫው ከአምፖሉ ራቅ ይበል፣ ጠብታ ሲያርፍበት የጋለው መስታወት ይፈነዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቴርሞሜትሩ በጫጩቶቹ ቁመት ይቀመጥ። አንድ መብራት ካልበቃ ሁለት ይስቀሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እስኪነጋ ያቆያቸዋል። ጥቂት ጫጩት ላለው ሰው ደግሞ ኤሌክትሪክ የማይፈልገው፣ የግብርና ባለሙያዎች የሚያስተምሩት፣ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት የሚሞቁበት የሣር ሳጥን አለ፤ እሳት የለበትም፣ መብራት ሲጠፋም አይደነግጥም።

ምልክት፦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ መብራቱ ግን አልጠፋም

መቆራረጫው የሚያውቀው እሱ ያለበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። የላላ ስፒና፣ ብዙ ነገር የተሰካበት ዲቫይደር ወይም የተበላ የአምፖል መያዣ ሲቃጠል አያይም። ወዲያው ከብሬከሩ ያጥፉ። ስፒናው ወይም ሶኬቱ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ምልክት ካዩ ሁለቱንም ይቀይሩ፤ አንዱን ብቻ ከቀየሩ ያረጀው አዲሱን ያበላሸዋል። እሳት ከተነሳ ኤሌክትሪኩ ሳይቆረጥ ውሃ አይድፉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ እሳት አደጋን በ939 ይጥሩ። እጅ ከተቃጠለ ለ20 ደቂቃ የቧንቧ ውሃ ይፍሰስበት። ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀቡት።

ምልክት፦ መጥፋት ሲገባው አይጠፋም

ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ችግር አይመስልም። ያገለገለ መብራት ሲገዙ ወይም ከጥገና ሲመልሱ ይፈትሹት። ሲወድቅ የሚጠፋውን ዓይነት አብርተው ቀጥ አድርገው ከወለሉ ያንሱት፤ በዚያው ቅጽበት መጥፋት አለበት። የሙቀቱን ግን ጨርቅ በመሸፈን አይሞክሩ፤ መቆራረጫው ተበይዶ ከሆነ ሙከራው ራሱ ቃጠሎ ይሆናል። ይልቅ ነቅለው ያስከፍቱትና በዓይንዎ ይዩ፦ ሁለት ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ መሃሉ ባዶ ከሆነ ዳይሬክት ተደርጓል። ሻጩን «መቆራረጫው የታለ?» ይበሉት። ልኩ የማይታወቅ፣ ጽሑፉ የጠፋ መብራት ከሆነ በሃሎጅን አያብሩት፤ መያዣው ካልተጎዳ ከ10 ዋት የማይበልጥ ኤልኢዲ ያስገቡበት፣ መያዣው ከተሰነጠቀ ገመዱን ቆርጠው ይጣሉት፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካው።