አካታች ሠርግ እንዴት ይዘጋጃል፦ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችና ሠርጋቸውን ለሚያዘጋጁ ሰዎች

ጋብቻ ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራ ሕጋዊ ግንኙነት ነው። አንዱ ሲታመም ስለ ሕክምናው የሚጠየቀው ማን እንደሆነ፣ ሲሞት ቤቱና ጡረታው ለማን እንደሚተላለፍ፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ የሌላ አገር ዜጋ ከሆነ አብሮ የመኖር ፈቃድ ማግኘት አለማግኘቱ፣ ለልጃቸው ማን መፈረም እንደሚችል በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ ግንኙነት ነው። ይህ ዕውቅና የተነፈጋቸው ጥንዶች ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ጣሪያ ሥር ቢኖሩም በብዙ አገር ሕግ ፊት አንዱ ለሌላው ባዕድ ነው። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ለምን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከድግሱ ይልቅ በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤትና በኢሚግሬሽን መስኮት መፈለግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሁለት የአሜሪካ ጉዳዮች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል። ኢዲት ዊንዘርና ቲያ ስፓየር ለ40 ዓመታት ያህል አብረው ከኖሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ቶሮንቶ ሄደው ተጋቡ። ስፓየር በ2009 ሲሞቱ የፌዴራሉ መንግሥት ጋብቻቸውን ስለማይቀበለው ዊንዘር 363,053 ዶላር የውርስ ግብር ከፈሉ፤ ሟቿ ወንድ አግብተው ቢሆን ኖሮ ባልየው ከዚህ ግብር ነጻ ይሆን ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ለዊንዘር ፈረደ። ፍርዱ ከተሰጠ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ፣ የኦሃዮ ነዋሪዎቹ ጂም ኦበርገፌልና ጆን አርተር በሕክምና አውሮፕላን ወደ ሜሪላንድ በረሩ። አርተር ኤ.ኤል.ኤስ. በሚባለው ጡንቻን በሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ አልጋ ላይ ውለው ስለነበር፣ አውሮፕላኑ ማረፊያው ላይ እንደቆመ እዚያው ውስጥ ተጋብተው ተመለሱ፤ ያጋቧቸውም የአርተር አክስት ነበሩ። ኦሃዮ በአርተር የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ኦበርገፌልን የትዳር አጋር ብላ እንደማትመዘግብ ሲያውቁ ከሰሱ፤ በዚያ ክስ ስም የሚታወቀው የጁን 26 ቀን 2015 ውሳኔም ጋብቻውን በ50ውም ግዛቶች ሕጋዊ አደረገው። ክርክሩ የተጀመረው በአንድ ቅጽ ላይ ባለ ባዶ ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሠርጉ ደግሞ ሕጉ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል። ልጇ አብሯት የምትኖረውን ሴት ለዓመታት “ጓደኛዋ” እያለች ስታስተዋውቅ የኖረች እናት፣ በሠርጉ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጣ ቃል ኪዳኑን ከሰማች በኋላ ያንን ቃል መልሳ መጠቀም ይከብዳታል። ዘመድና ወዳጅ ለምስክርነት የሚጠራውም ለዚህ ነው። አካታች ሠርግ ስንል ተጋቢዎቹም ሆኑ እንግዶቹ ማንነታቸውን ሳይደብቁና ማብራሪያ ሳይጠየቁ የሚገኙበትን ሠርግ ማለታችን ነው፤ ይህም በመልካም ፈቃድ ብቻ ሳይሆን አስቀድመው በሚታሰቡ ዝርዝር ነገሮች የሚገኝ ነው።

ከሁሉ በፊት ሕጉን መለየት

አዳራሽ ከመከራየትዎ በፊት ሁለት ቦታዎችን ለይተው ይጠይቁ፦ የምትጋቡበትን አገርና የምትኖሩበትን አገር። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2001 በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና ይህን ጋብቻ ከፈቀደች ወዲህ ከ35 በላይ አገሮች ተከትለዋታል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ በ2006 ፈቅዳለች፤ በእስያ ታይዋን በ2019፣ ታይላንድ በጃንዋሪ 2025 ተግባራዊ አድርገዋል። በሌላ በኩል ከ60 በላይ በሚሆኑ አገሮች የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ራሱ በወንጀል ያስጠይቃል። እንዲህ ባለ አገር ለሚኖሩ ጥንዶች የመጀመሪያው እርምጃ ሠርግ ማቀድ ሳይሆን፣ የጋብቻው ሰነድ በማን እጅ ቢገባ አደጋ እንደሚያስከትል ማሰብና እምነት የሚጣልበት የሕግ ባለሙያ ማማከር ነው።

በመካከል ያሉትም ብዙ ናቸው። ጣሊያን በ2016 የፈቀደችው የተመዘገበ ጥምረትን እንጂ ጋብቻን አይደለም። በጃፓን ከ2015 ጀምሮ የቶኪዮዋ ሺቡያና ሌሎች የከተማ አስተዳደሮች ለጥንዶች የአጋርነት ምስክር ወረቀት ቢሰጡም ወረቀቱ የጋብቻን ሕጋዊ ኃይል አያስገኝም። ስለዚህ “እዚያ አገር ይፈቀዳል” የሚለው ወሬ ብቻውን አይበቃም፤ የሚፈቀደው ምንድን ነው፣ ከነምን መብቱ፣ ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የነዋሪነት ጥያቄ ብዙ ጥንዶችን ያሰናክላል። በኔዘርላንድስ ለመጋባት ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆን አለበት። ካናዳ ለማግባት እንዲህ ያለ ግዴታ ስለሌላት ለዓመታት የብዙ የውጭ አገር ጥንዶች መዳረሻ ሆና ቆይታለች፤ ነገር ግን ለመፋታት ከሁለቱ አንዱ አንድ ዓመት በአገሪቱ መኖር ነበረበት፤ ጋብቻውን የማይቀበል አገር ደግሞ ፍቺውን አይሰጥም። በዚህ የተነሳ አገራቸው ተመልሰው ትዳራቸው የፈረሰ ሰዎች መውጫ አጥተው ስለነበር ካናዳ በ2013 ለነዋሪ ላልሆኑት የተለየ የፍቺ ሕግ አወጣች። ስለ ፍቺ በሠርግ ዝግጅት ወቅት መጠየቅ ደስ እንደማይል ይገባኛል፤ ሆኖም ትዳርን እንደ ቁም ነገር የሚያይ ሰው ይህን መጠየቅ አለበት።

በድንበር ማዶ የሚሰጠው ዕውቅናም ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 የነጻ ዝውውር ሕጉ “የትዳር አጋር” የሚለው ቃል ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን እንደሚጨምር ሲወስን፣ ጋብቻውን በራሳቸው ሕግ የማይፈቅዱ አባል አገሮች እንኳ የመኖሪያ ፈቃድ ሊከለክሉ እንደማይችሉ አረጋገጠ። በ2021 ደግሞ በስፔን የተወለደችና ሁለት እናቶች በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ የተመዘገቡላት ሕፃን ቡልጋሪያ ሰነድ በነፈገቻት ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ ለነጻ ዝውውሯ የሚያስፈልጋት መታወቂያ እንዲሰጣት ወሰነ። ከእነዚህ ጉዳዮች የሚወሰደው ተግባራዊ ምክር አንድ ነው፦ ጋብቻው ብቻውን ይበቃል ብሎ አለመተማመን። ኑዛዜ፣ የሕክምና ውሳኔ ውክልናና ልጅ ካለ የወለደው ወገን ያልሆነው ወላጅ በጉዲፈቻ በፍርድ ቤት መጽደቁ፣ ጋብቻው ዕውቅና በማያገኝበት ቦታም ሊያገለግሉ የሚችሉ ተጨማሪ መከላከያዎች ናቸው።

አጋቢውና የሚነበበው ቃል

አጋቢ ሲመርጡ ጥያቄዎን ገና በመጀመሪያው ንግግር በግልጽ ያቅርቡ። በደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ጋብቻ አስፈጻሚዎች በኅሊና ምክንያት እምቢ ማለት የሚያስችላቸው አንቀጽ እስከ 2020 ድረስ በሕጉ ውስጥ ነበር፤ ጥንዶች ቀጠሮ ይዘው ከመጡ በኋላ ሌላ ቢሮ እንዲሄዱ የሚነገራቸው በዚህ የተነሳ ነበር። በሃይማኖት ተቋም መጋባት ለሚፈልጉ ሁኔታው እንደየተቋሙ ይለያያል። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ከ2009 ጀምሮ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ታጋባለች፤ በእንግሊዝና በዌልስ ግን የ2013ቱ ሕግ ጋብቻውን ሲፈቅድ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቷ እንዳታጋባ አድርጎ ነው የጻፈው። የአንድ ካህን የግል ቅንነት የተቋሙን ደንብ ስለማይለውጥ፣ ደንቡን በጽሑፍ ማየት ከኋላ ሐዘን ያድናል።

ከዚያ ወደ ጽሑፉ ይለፉ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከጠቅላላው ዝግጅት ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። አጋቢው የሚያነበውን ሙሉ ጽሑፍ ከሁለት ሳምንት በፊት ይቀበሉና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡት። “ባልና ሚስት መሆናችሁን አውጃለሁ” የሚለው ዓረፍተ ነገር “በሕግ የተጋባችሁ የትዳር አጋሮች መሆናችሁን አውጃለሁ” ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተጋቢዎቹ ከወደዱ “ባሎች” ወይም “ሚስቶች” ይባላል። ምርጫው የእነሱ ነው፤ አጋቢው በራሱ ግምት መሙላት የለበትም። በአማርኛ ለሚካሄድ ሥርዓት ችግሩ በስም ላይ ብቻ አያበቃም፤ ግሱም ጾታ ይናገራልና። ለዓመታት ሙሽሪትን “ትቀበዪዋለሽ ወይ?” ብሎ የጠየቀ አጋቢ፣ ለሁለት ሴቶች “ትቀበያታለሽ ወይ?” ማለት ሲኖርበት ልማዱ ምላሱን ይጎትተዋል። ስለዚህ ጥያቄው ለእያንዳንዱ ተጋቢ ስም እየተጠራ በወረቀት ላይ በሙሉ ይጻፍ፤ “እንደላይኛው” ተብሎ አይታለፍ፤ አጋቢውም ቢያንስ አንዴ ጮክ ብሎ ይለማመደው። በአንዳንድ አገሮች በሕግ የተደነገጉና የማይነኩ ቃላት ስላሉ የትኛው ዓረፍተ ነገር መለወጥ እንደሚቻል ከመዝገብ ቤቱ ይጣራ። ታይላንድ ራሱን የሕጉን ጽሑፍ አስተካክላ “ባልና ሚስት” በሚለው ፈንታ ጾታን የማይለይ ቃል ተክታለች።

ቅጽ፣ ጥሪና መቀመጫ

አዳራሹ፣ አበባ አቅራቢውና ፎቶ አንሺው የሚያስሞሉት ቅጽ ብዙውን ጊዜ “የሙሽራው ስም” እና “የሙሽሪት ስም” የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉት። ሁለት ወንዶች ይህን ቅጽ ሲሞሉ አንዱ “ሙሽሪት” የሚለውን ሰርዞ ስሙን ይጽፋል፤ ይህን ስረዛ በየድርጅቱ ይደግመዋል። አገልግሎት ሰጪ ከሆኑ “የመጀመሪያው ተጋቢ”፣ “ሁለተኛው ተጋቢ” ብሎ ማስተካከል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ቀስተ ደመና የተቀባ ማስታወቂያ ከመስቀል ይልቅ ይህ ይቀድማል፤ ማስታወቂያው ጋብዞ ቅጹ ሲመልስ ነገሩ ሁለት ጊዜ ያሳፍራል።

የጥሪ ካርድ ላይ በትዳር ያሉ እንግዶችን በሁለቱም ስም ይጥሩ። የአንድን ሰው አጋር ስም የማያውቁ ከሆነ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። ስሙን የቀየረ እንግዳ ካለ በመቀመጫ ካርዱ ላይ የሚጻፈው አሁን የሚጠራበት ስም ነው፤ ዝርዝሩን የሚሠራው ዘመድ ከድሮ የስልክ ማውጫ እንዳይገለብጥ ይንገሩት። ሚዜ ለመሆን ወንድ ወይም ሴት መሆን መስፈርት አይሁን። አገባብን በተመለከተ፣ አንዱ ቀድሞ ቆሞ ሌላውን እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ አብሮ መግባት፣ ከሁለት አቅጣጫ መጥቶ መሐል መገናኘት ወይም ሁለቱም ከወላጆቻቸው ጋር በየተራ መግባት ይቻላል።

ወላጅ ያልተገኘበት ሠርግ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የአንደኛው ወገን ቤተሰብ ሞልቶ የሌላው ባዶ ሆኖ እንዳይታይ መቀመጫን በወገን አለመክፈል በቂ ነው። “የሙሽሮቹ ወላጆች ይነሱልን” የሚል የመድረክ መሪ ያልታሰበ ቁስል ስለሚነካ፣ በንግግሩ ዝርዝር ውስጥ ማን እንደሚጠራና ማን እንደማይጠራ በስም ይሰጠው። ያሳደገች አክስት ወይም የቆየ ወዳጅ በወላጅ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። የመጡ ነገር ግን ገና ያልተረጋጉ ወላጆች ካሉ ደግሞ ንግግር እንዲያደርጉ አይገደዱ፤ መምጣታቸው ለዚያ ቀን ይበቃል። ለመግቢያ መወጣጫ፣ ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚና አልኮል ለማይጠጡ እንግዶች ማሰብ የማንኛውም ሠርግ ግዴታ ስለሆነ እዚህ አላብራራውም።

ፎቶና ምስጢር

ፎቶ አንሺን “የእኛን ሠርግ ለማንሳት ፈቃደኛ ነህ ወይ?” ብሎ መጠየቅ ብዙ አይነግርዎትም፤ የሠራቸውን ሥራዎች ያሳይዎት። አንዱን ተጋቢ ሁልጊዜ ረጅም፣ ቆሞ፣ አቃፊ፣ ሌላውን ታቃፊ አድርጎ የሚያቆም የተለመደ አሠላለፍ ለሁለት ሴቶች ወይም ለሁለት ወንዶች ሲገለበጥ የተውሶ ልብስ ይመስላል።

ከውበቱ የሚበልጠው ግን የእንግዶች ደኅንነት ነው። በሥራ ቦታው ወይም በትውልድ አገሩ ማንነቱ ያልታወቀ፣ ወይም በሠርጉ መገኘቱ ብቻ ሊያስጠረጥረው የሚችል እንግዳ ሊኖር ይችላል። በጥሪው ላይ ሥርዓቱ ሲካሄድ በስልክ ፎቶ እንዳይነሳ ይጠየቅ፤ ፎቶ ለማይፈልጉ እንግዶች ካሜራ የማይደርስበት መደዳ ይለይላቸው፤ ከፎቶ አንሺው ጋር በሚፈረመው ውል ላይም ያለ ተጋቢዎቹ ፈቃድ ምንም ምስል ለማስታወቂያ እንደማይውል ይጻፍ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለጠፈውን ተጋቢዎቹ ራሳቸው ካዩ በኋላ ይለጥፉ፤ የእንግዳን ስም ከምስሉ ጋር ማያያዝ ግን የእንግዳውን ፈቃድ ይሻል።

እምቢ ባይ ሲያጋጥም

እምቢተኝነትን የሚገዛው ሕግ እንደየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝና በዌልስ የ2010 የእኩልነት ሕግ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ነጋዴ በጾታዊ ዝንባሌ ምክንያት ደንበኛን እንዳይመልስ ይከለክላል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በአንዲት የኮሎራዶ ድረ ገጽ ሠሪ ጉዳይ፣ የራስን ሐሳብ የሚገልጽ የፈጠራ ሥራ ለመሥራት ማንም ሊገደድ እንደማይችል ወስኗል። ጊዜና ገንዘብ ካለዎት አቤቱታ ማቅረብ መብትዎ ነው፤ ሠርጉ ከቀረበ ግን እምቢታውን በጽሑፍ ተቀብሎ ማስቀመጥና ወደ ሌላ መሄድ ይሻላል። ቅድሚያ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት የሁለቱን ተጋቢዎች ስም በውሉ ላይ ማስፈር ነገሩን ገና በጊዜ ያጣራል።

ከሠርጉ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን በርከት ባለ ቅጂ አውጡ፤ ሌላ አገር የሚቀርበው ቅጂ አፖስቲል የተባለው ማረጋገጫ እንዲታተምበት ይጠይቁ። በጡረታ፣ በኢንሹራንስና በባንክ ሒሳብ ላይ የተመዘገበውን ተጠቃሚ ስም ይለውጡ፤ ከጋብቻው በፊት የተጻፈ ኑዛዜ በአንዳንድ አገሮች ሕግ በጋብቻው ስለሚሻር እንደገና ይጻፍ። የሕክምና ውክልናውን አንድ ቅጂ ለሐኪም ቤት ይስጡ፣ ሌላውን ሁለታችሁም በስልካችሁ ያዙ።