ፖሊመር ክሌይ ስንጋግር የምንሰራቸው ስህተቶች

ፖሊመር ክሌይ፣ ማለትም ጉትቻ ምናምን ተሰርቶበት ኦቨን ውስጥ የሚጋገር የፕላስቲክ ሊጥ፣ የሚሰራ ሰው ሁሉ የሚፈራው እንዳያርበት ነው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ፣ ግን አብዛኛው ስራ የሚበላሸው አርሮ ሳይሆን ሳይበስል ስለሚወጣ ነው። የመጀመሪያ ጉትቻዎቼን ነጩ ከለር እንዳይቀየርብኝ ብዬ በ10 ደቂቃ አወጣኋቸው፣ ለአይን ያምራሉ፣ አንዷ ግን ከጠረጴዛ ወድቃ እንደ ብስኩት ቀጭ አለች። በደንብ የበሰለ ስስ ክሌይ ስታጎብጡት እሺ ይላል እንጂ እንደዛ አይሰበርም።

አየር ላይ ትቶ ይደርቃል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው። ይሄ እንደ ሸክላ ጭቃ ውሃው ተንኖ የሚደርቅ ነገር አይደለም፣ የፒቪሲ ፕላስቲክ ብናኝ ከማለስለሻ ጋር ተለውሶ ነው፣ ብናኙ አንድ ላይ የሚዋሃደው ሙቀት ሲያገኝ ብቻ ነው። ማይክሮዌቭ ደግሞ ጭራሽ እንዳትሞክሩ።

ትልቁ ስህተት ግን የኦቨኑን ቁልፍ ማመን ነው። ቁልፉ 130 ላይ ሆኖ ውስጡ 110 ወይም 150 ሊሆን ይችላል፣ ማሞቂያው እየበራ እየጠፋ ስለሚሰራ ደግሞ ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ትንንሾቹ ኦቨኖች ላይማ ሽቦው ለስራው በጣም ቅርብ ስለሆነ ይብሳል። የኦቨን ቴርሞሜትር ግዙና ስራው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ያህል እዩት። እና ሁሉም የክሌይ ብራንድ አንድ አይደለም፣ ፊሞ የሚባለው 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል፣ ፕሪሞ 130 አካባቢ፣ ካቶ ደግሞ 150 ይፈልጋል፣ ማሸጊያውን አንብቡ።

ለመቸኮል ብሎ ሙቀት መጨመር አይሰራም፣ ሰዓት ነው የሚጨመረው። ሙቀቱ ልክ ከሆነ አንድ ሰዓት ቢቆይም አያርም፣ ነጭና ፈዛዛ ከለሮች እንዳይጠቁሩ ብቻ ክሌዩን ሳይነካው ፎይል እንደ ድንኳን ከላይ አድርጉለት። ወፍራም ነገር ከሆነ መሃሉን በተጠቀጠቀ ፎይል ሙሉት። ከመጠን በላይ ሞቆ ማጨስ ከጀመረ ግን ቀልድ የለም፣ ጭሱ ሃይድሮጅን ክሎራይድ አለበት፣ ኦቨኑን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከክፍሉ ውጡ።

ሌላው፣ ትኩሱን ነክቶ "አሁንም ለስላሳ ነው" ብሎ መደናገጥ። ትኩስ እያለ ሁሌም ለስላሳ ነው! አንድ ስስ ቁራጭ አብራችሁ ጋግሩና ሲቀዘቅዝ አጎብጡት፣ እሱ ይነግራችኋል።

ሴራሚክ ላይ በቀጥታ ካስቀመጣችሁት ስሩ ያብለጨልጫል፣ ወረቀት አንጥፉ፣ በዚህ ሙቀት ወረቀት አይቃጠልም። የጥፍር ቀለም ለማብለጭለጫ ብለው የሚቀቡም አሉ፣ ውሎ አድሮ ሙጫ ሙጫ ይላል፣ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ይሻላል።

ሳይበስል የወጣ ነገር ካላችሁ ደግሞ አትጣሉት፣ ተመልሶ ይጋገራል። ያቺ የተረፈችው ጉትቻዬ ከስንት ወር በኋላ ከሌላ ስራ ጋር ተመልሳ ገብታለች፣ አሁን ሳጎብጣት ትመለሳለች።