አሳቲግ ደሴት በአንድ ቀን ደርሶ መልስ

ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ፣ የዱር ፈረሶች በሚኖሩበት በአሳቲግ ደሴት ለመዋል ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። እኔ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው የምሄደው። ሐምሌ ላይ ትንኙና ተናካሹ ዝንብ አያስቀምጥም፤ ነፋሱ ከረግረጉ በኩል ከመጣ ደግሞ ባሕሩ ዳርም መሸሻ የለም።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሞቃቱ ወራት ቅዳሜ የቼሳፒክ ድልድይ ስለሚጨናነቅ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ውጡ። በ50 ቁጥር መንገድ ሄዳችሁ ወደ 611 ትታጠፋላችሁ። ነዳጅና ውኃ ወደ ደሴቱ ሳትሻገሩ ያዙ። ባሕሩ ዳር የዛፍ ጥላ የለም፤ ድንኳን ከያዛችሁ ረጅም ካስማ ያስፈልጋችኋል። አሸዋው አጭሩን አይዝም።

እናቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ የጀመርነው ከረግረጉ መንገድ ነው። ግማሽ ማይል ብቻ ነው፣ በእንጨት የተነጠፈ፣ ለጉልበት የማይከብድ። እዚያ አንዲት ቀይ ፈረስ ሣር ስትግጥ አየን። እናቴ ሆዷን አይታ «ደርሳለች፣ ልትወልድ ነው» አለች። ግን አብዛኞቹ ሆዳቸው እንደዚያ ነው። የሚግጡት ሣር ጨው ስላለበት ውኃ አብዝተው ይጠጣሉ፤ ሆዳቸውን የሚነፋው እሱ ነው።

እባካችሁ አትጠጓቸው። ደንቡ 40 ጫማ ነው፤ የአንድ ትልቅ አውቶቡስ ርዝመት ማለት ነው። ድፎ ዳቦውንም ፍራፍሬውንም መኪና ውስጥ ቆልፉበት። የሰው ምግብ የለመደ ፈረስ መንገድ ዳር ይቆማል፣ መኪና ይገጨዋል። ልጆች ሲለምኗችሁ «አንዴ ብቻ» አትበሉ።

ጊዜ ካላችሁ የአሸዋ ክምሮቹን መንገድ ሂዱበት። እዚያ ከአሸዋው ውስጥ ብቅ ያለ የተሰባበረ አስፋልት ታያላችሁ። ደሴቱ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ ሲሸጥ የተሠራ ጎዳና ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1962 ማዕበል መጥቶ ጠራረገው፤ በ1965 ቦታው ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ሆነ። እኔ ያን ቁራጭ ሳላይ አልመለስም። ክምሩ ላይ ግን አትውጡ፤ አሸዋውን ይዞ ያቆመው የሣሩ ሥር ነው።

አመሻሽ ላይ ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ፈረሶቹ አስፋልቱ መሐል ይቆማሉ። ክላክስ አታድርጉ፤ እስኪያልፉ ጠብቁ።